ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚረዳ የድጋፍ ቡድን እንዴት ይገኛል?

«ማቆም እፈልጋለሁ፣ ብቻዬን ግን አልቻልኩም። እየተሰበሰቡ የሚረዳዱ ሰዎች አሉ ይባላል፤ የት ነው የማገኛቸው?» ይህ ጥያቄ ከአዲስ አበባም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከዱባይም በየጊዜው ይደርሰናል። መልሱን አንድ ቦታ ለማስቀመጥ ይህን አዘጋጅተናል። የተጻፈው መጠጥ ለማቆም ለወሰነው ሰው ነው፤ ለቤተሰብ የሚሆነውን ወደ ታች ያገኙታል።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ይያዙልን፦ አንድ አድራሻ ይዘው አይውጡ፣ ሦስት ይያዙ። ፍለጋውን የሚተዉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚተዉት አንድ ቦታ ሄደው በሩ ተዘግቶ ስላገኙት ወይም የመጀመሪያው ቡድን ስላልጣማቸው ነው። ሁለተኛ አድራሻ ኪስዎ ውስጥ ካለ ያ ቀን አይባክንም።

የሚያስፈልግዎ

• ኢንተርኔት ያለው ስልክና የጆሮ ማዳመጫ
• ትንሽ ማስታወሻ ደብተር። ስልክዎን ቤተሰብ የሚነካካው ከሆነ አድራሻዎቹን ወረቀት ላይ ይያዙ።
• ያለፉት 7 ቀናት የመጠጥ መዝገብ፦ በየቀኑ ስንት ጠርሙስ ቢራ፣ ስንት መለኪያ አረቄ፣ ስንት ብርሌ ጠጅ፣ የመጀመሪያውንስ በስንት ሰዓት እንደቀመሱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህንኑ ነው።
• የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙና መጠኑ
• የደርሶ መልስ ትራንስፖርት
• ለመጀመሪያው ወር በሳምንት ቢያንስ ሁለት ነፃ ምሽት

ከጤና ተቋም ውጭ ለሚደረግ ስብሰባ መታወቂያ አያስፈልግም። እዚያ የአባትዎን ስምም ማንም አይጠይቅዎትም።

ደረጃ 1፦ ሰውነትዎ በድንገት ማቆምን ይችል እንደሆነ ያጣሩ

ይህን ደረጃ አይዝለሉት። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው አእምሮው ከአልኮል ጋር ተላምዶ ስለሚሠራ፣ መጠጡ ድንገት ሲቋረጥ ነርቮቹ ከልክ በላይ ይነቃሉ። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራሉ። የሚጥል መንፈራገጥ የሚመጣው በአብዛኛው እስከ 48 ሰዓት ድረስ ነው። መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ደግሞ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊከተሉ ይችላሉ። ይህኛው ሕክምና ካላገኘ ይገድላል።

ከእነዚህ አንዱ እንኳ እርስዎን የሚመለከት ከሆነ ከቡድኑ በፊት ሐኪም ይቅደም፦ ጠዋት ሳይቀምሱ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ፤ ከዚህ በፊት ሲያቆሙ የጣለዎት ወይም ያቃዠዎት፤ የሚጥል በሽታ፣ የጉበት ወይም የልብ ሕመም ያለብዎት፤ ነፍሰ ጡር የሆኑ። ሐኪሙ መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒትና ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ያዝዛል፤ ካስፈለገም ለጥቂት ቀናት ያስተኛል። ቡድን ይህን ሊተካ አይችልም፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ሐኪሞች አይደሉም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሑዳዴ ሲገባ መጠጥን በአንድ ሌሊት መጣል የተለመደ ነው። ከቅበላ ማግስት፣ እስከ ከሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ ሲቆዩ፣ ሁለቱ ነገሮች ይደራረባሉ፤ የጾሙ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ለከባድ ጠጪ አደገኛ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ጠበል ለመግባት ያሰበ ሰውም እንዲሁ። ጠበሉንም ጾሙንም አይተዉ፣ መጀመሪያ ግን ጤና ጣቢያ ይታዩ፤ ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ። መንፈራገጥ ወይም መቃዠት ከጀመረ ሰዓት አይቁጠሩ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አሜሪካ 911 ነው።

ደረጃ 2፦ የቡድኑን ዓይነት ይምረጡ

ሦስት ዓይነት ያጋጥምዎታል።

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ፣ በብዙ አገሮች በብዛት የሚገኘው ነው። መዋጮ ግዴታ አይደለም፣ ምዝገባም የለም፤ ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። 12 የማገገሚያ ደረጃዎችን ይከተላል፤ ስለ ፈጣሪ ይነሳል፣ ነገር ግን የየትኛውም ሃይማኖት ድርጅት አይደለም። ብዙዎቹ ስብሰባዎች በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የሚደረጉት ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ ነው። ሙስሊምም ሆኑ ኦርቶዶክስ ወይም ጴንጤ፣ ጸሎት ሲደረግ ዝም ብለው መቆም ይችላሉ።

ስማርት ሪከቨሪ ጸሎት የለውም። አሠልጣኝ የሚመራው ሲሆን፣ ውይይቱ ፍላጎት ሲነሳ ምን እንደሚደረግና ሐሳብን እንዴት መግራት እንደሚቻል ላይ ያተኩራል። እዚህ ሰዎች እርስ በርስ ይመላለሳሉ፤ ኤኤ ላይ ግን አንዱ ሲናገር ሌላው መልስ አይሰጥም።

ሦስተኛው በሆስፒታል ወይም በማገገሚያ ማዕከል ውስጥ ባለሙያ የሚመራው የቡድን ምክር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው በአማርኛ የሚገኘው ቅርቡ መንገድ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የቱን እንደሚመርጡ ካላወቁ ቅርብ የሆነውን ይሞክሩ። ርቀት ሰውን ከቡድን የሚያስቀረው ከየትኛውም የአመለካከት ልዩነት በላይ ነው።

ደረጃ 3፦ ሦስት አድራሻ ይሰብስቡ

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ። በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። በጤና መድን የሚታከሙ ከሆነ ሪፈር ወረቀት ያስፈልግዎታል፤ ያለ እሱ ሆስፒታል ሄደው ወረፋ ከያዙ በኋላ ሊመለሱ ይችላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚጠየቁት አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ናቸው፤ ክፍለ ሀገር ደግሞ እንደ ጅማና ጎንደር ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው። ካርድ ክፍል ላይ «የሱስ ሕክምና ነው የምፈልገው» ይበሉ፤ «ራሴን ያመኛል» ብለው ከገቡ ጠቅላላ ሐኪም ጋር ቀኑን ይጨርሳሉ። ሐኪሙ ካየዎት በኋላ ሶሻል ወርከሩን ወይም የሳይካትሪ ነርሱን ፈልገው እንዲህ ይጠይቁ፦ «መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚገናኙበት ቡድን እዚህ አለ? በየትኛው ቀን? ተኝቶ ያልታከመ ሰውስ ይገባል?» የመጨረሻዋን ጥያቄ አይርሷት፣ አንዳንዱ ቡድን ተኝተው ለታከሙ ብቻ ስለሆነ።

የግል ማገገሚያ ማዕከል ከጠቆሙዎት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፦ የጤና ተቋም ፈቃድ አላችሁ? ማታ ሐኪም ወይም ነርስ ያድራል? ቤተሰብ በየስንት ቀኑ ይጎበኛል? ሰው ልውጣ ካለ ይወጣል? የሚያስሩ ወይም ቤተሰብን የሚከለክሉ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

አሜሪካ ውስጥ ከሆኑ። ስልክዎ ላይ «ሚቲንግ ጋይድ» የተባለውን የኤኤ መተግበሪያ ያውርዱ፤ ምልክቱ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ወንበር ነው፣ ነፃ ነው። ከተማዎን ሲያስገቡ ዛሬ ያሉትን ስብሰባዎች በርቀት ቅደም ተከተል ያወጣልዎታል። ከእያንዳንዱ ስር የሚጻፉት ቃላት ትርጉማቸው ይህ ነው፦ «ኦፕን» ማንም፣ አብሮዎት የመጣ ወዳጅም ሊገባ ይችላል። «ክሎዝድ» መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው፤ እርስዎ ግን ይገባሉ። «ስፒከር» አንድ ሰው ረዘም አድርጎ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። «ዲስከሽን» ሁሉም በየተራ ይናገራል። «ኒውካመር» ወይም «ቢጊነርስ» ለአዲስ ሰው የተዘጋጀ ነው። «ዉሜን» ለሴቶች ብቻ። እንግሊዝኛዎ ደከም ያለ ከሆነ ኦፕን የሆነ ስፒከር ይምረጡ፤ ተናገር የሚልዎት የለም፣ ጆሮዎም አንድ ድምፅ ብቻ ይከተላል።

በስልክ ለመጠየቅ የፌዴራሉ መንግሥት የአእምሮ ጤናና የሱስ መሥሪያ ቤት (ሳምሳ) መስመር 1-800-662-4357 ቀንና ሌሊት በነፃ ይሠራል፤ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። 211 በየአካባቢው ያለውን አገልግሎት ይጠቁማል፣ ብዙ ቦታም በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛል። ሆስፒታል ሲደውሉ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ይበሉ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። ልጁ ባለበት የመጠጡን መጠን በትክክል መናገር ይከብዳል፣ ሐኪሙም በተሳሳተ ቁጥር መድኃኒት ያዝዛል።

«ሐበሻ ያየኛል» የሚል ስጋት ካለዎት የሐበሻ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን ከሚበዛበት ሰፈር በመኪና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚርቅ ቡድን ይምረጡ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ሐበሻ ቢያገኙም እሱም የመጣው ለዚያው ጉዳይ እንደሆነ አይዘንጉ።

በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚሄዱ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጠጥተው ሲያሽከረክሩ ተይዘው፣ መጀመሪያ ጠበቃዎን ወይም ፕሮቤሽን ኦፊሰሩን የትኛው ቡድን እንደሚቆጠርና ኦንላይን ተቀባይነት እንዳለው ይጠይቁ። የሚፈረመውን ወረቀት ስብሰባው ሳይጀመር ለሰብሳቢው ይስጡ። ጠጥቶ ስለማሽከርከር የሚሰጠው ትምህርትና የኤኤ ስብሰባው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሌላ አገር ወይም ገጠር ከሆኑ። ኦንላይን ስብሰባ በየሰዓቱ አለ፤ ዝርዝሩ «ኦንላይን ኢንተርግሩፕ ኦፍ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። እንደ ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌት መጠጥ በሕግ በሚያስቀጣበት አገር ላለ ሰው የምንመክረው ይህን ነው፤ ሙሉ ስም፣ ፎቶና የአሠሪ ስም ግን አይታይ። ዙም ላይ ከመግባትዎ በፊት የሚታየውን ስም ወደ አንድ ስም ይቀይሩ፣ ካሜራውን ያጥፉ። የቴሌግራም ቡድን ከሆነ ቅንብር ውስጥ ገብተው ስልክ ቁጥርዎን ማንም እንዳያይ አድርገው ይዝጉ፤ ካልዘጉት ቁጥርዎ ቡድኑ ውስጥ ላለ ሰው ሊታይ ይችላል።

የሰዓት ስህተት ብዙ ሰው ያስቀራል። «7:00 ፒኤም» ማለት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ 7 ሰዓት ብለው ከያዙት ስድስት ሰዓት ቀድመው ይደርሳሉ። ኦንላይን ሲሆን የአገሩ ልዩነት ይጨመራል። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ የዋሽንግተን የቀትር ስብሰባ በጥር አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በሐምሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ ከሥራ መልስ ላለ ሰው ምቹ ነው። የዋሽንግተን የምሽት ስብሰባ ግን ሌሊት ላይ ስለሚውል ይዝለሉት። ከለንደን ጋር ልዩነቱ 3 ወይም 2 ሰዓት ስለሆነ የምሽት ስብሰባ ከፈለጉ የእንግሊዝን ዝርዝር ይመልከቱ።

ደረጃ 4፦ ከመሄድዎ በፊት ያረጋግጡ

ዝርዝሮች ያረጃሉ፤ አዳራሽ ይቀየራል፣ በበዓል ይዘጋል። ሦስቱንም አድራሻዎች ደውለው ወይም ጽፈው ይጠይቁ፦ አሁንም በዚህ ቀንና ሰዓት አለ? የሚገባው በየትኛው በር ነው? ለአዲስ ሰው ክፍት ነው? የበሩ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ትልቅ ግቢ ውስጥ በጨለማ የጎን በር የሚፈልግ ሰው ግን ለመመለስ ምክንያት አያጣም።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ቀን

10 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ከመጀመሩ በፊት ቡና የሚቀዳውን ወይም ወንበር የሚደረድረውን ሰው «ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» ይበሉት፤ ከዚያ በኋላ ብቻዎን አይሆኑም። ከበሩ አጠገብ ሳይሆን መሐል ላይ ይቀመጡ። በር አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሐሳቡ መውጣቱ ላይ ነው።

የኤኤ ስብሰባ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አጭር ጽሑፍ ይነበባል፣ «አዲስ ሰው አለ?» ይባላል። እጅዎን ማንሳት ይችላሉ፣ ግዴታ አይደለም። ተራ ሲደርስዎ «ስሜ እገሌ ነው፣ ዛሬ ላዳምጥ ነው የመጣሁት» ቢሉ በቂ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ፓስ» ማለት ብቻ ይበቃል። የሚናገሩ ከሆነ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይያዙ፤ የሌላውን ሰው ታሪክ አይተቹ፣ ምክርም አይስጡ። ዘንቢል ሲዞር ሰዎች አንድ ሁለት ዶላር ይጥላሉ፤ አዲስ ሰው ባይሰጥም ማንም ቅር አይለውም።

ያን ቀን ጠጥተው ከሆነ እንኳ ይሂዱ። በጸጥታ ተቀምጠው ያዳምጡ፣ መኪና ግን አይንዱ።

ደረጃ 6፦ እንዳለቀ አይሩጡ

ከስብሰባው በኋላ ያሉት 10 ደቂቃዎች ከስብሰባው እኩል ዋጋ አላቸው፤ ስልክ የሚለዋወጡት ያኔ ነውና። ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ይዘው ይውጡ። ወንድ ከሆኑ ከወንድ፣ ሴት ከሆኑ ከሴት ቢሆን ይመረጣል። በማግስቱ አንዱን «ትናንት የተዋወቅነው ነኝ» ብለው ይደውሉ። ሳይቸገሩ ያልደወሉበትን ቁጥር አርብ ማታ መጠጥ ሲያምርዎት መደወል በጣም ይከብዳል፤ በደህናው ቀን መደወል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስፖንሰር የሚባለው፣ ቀድሞ ያቆመና 12ቱን የኤኤ ደረጃዎች አብሮዎት የሚሄድ ሰው፣ ከእነዚሁ መካከል ይገኛል። አይቸኩሉ፤ ጥቂት ጊዜ አዳምጠው ንግግሩ የተስማማዎትን ይጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ከስድስት ስብሰባ በፊት አይፍረዱ

በተለያዩ ቀናትና በተለያዩ ቡድኖች ስድስት ጊዜ ይሂዱ። አንዱ ቡድን ሽማግሌ ይበዛበታል፣ ሌላው ወጣት፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያወራል። ከስድስቱ የተሻለውን ቋሚ ያድርጉ፣ ሌላውን በመጠባበቂያ ይያዙ። ወዲያው መውጣት ያለብዎት ግን በእነዚህ ነው፦ ገንዘብ ካስከፈሉ ወይም ካበደሩ፣ ሐኪም ያዘዘልዎን መድኃኒት ጣል ካሉ፣ የሰውን ታሪክ ውጭ ካወሩ፣ ወይም አንድ ሰው አዲስ ሴቶችን የሚያሳድድ ከሆነ።

በአካባቢዎ ቡድን ከሌለ

በኤኤ ልማድ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ለዚህ ብሎ ከተገናኘ ቡድን ይባላል። ስለዚህ ሆስፒታል የተዋወቁት አንድ ሰው ካለ መጀመር ይቻላል። ቀንና ሰዓቱን አንዴ ይቁረጡና አይቀይሩ፤ ሰው የሚለምደው ሰዓቱን ነው። ቦታው ሬስቶራንትም የሰው ቤትም አይሁን። ቤት ከሆነ ባለቤቱ ሲታመም ወይም ሲጣላ ቡድኑ አብሮ ይፈርሳል። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያለ ክፍል ወይም የጤና ጣቢያ ስብሰባ ክፍል ይሻላል፤ ለማስፈቀድ ሶሻል ወርከሩ ይረዳዎታል።

60 ደቂቃውን እንዲህ ይክፈሉት፦ 5 ደቂቃ መክፈቻና ደንብ፣ 10 ደቂቃ ንባብ፣ 35 ደቂቃ በየተራ ለእያንዳንዱ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ፣ 10 ደቂቃ መዝጊያና ሻይ። ሰብሳቢ፣ ሰዓት ጠባቂና ቁልፍ ያዥ የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፣ በየሦስት ወሩም ይቀያየሩ፤ አንድ ሰው ሁሉን ከያዘ እሱ የቀረ ቀን ስብሰባ የለም። ዕቁብም ብድርም አያስገቡበት። ገንዘብ ያለበት ሰው መክፈል ሲያቅተው ከቡድኑም ይሸሻል፤ የሚሸሸውም እጅግ በሚያስፈልገው ጊዜ ነው።

ለቤተሰብ

የጠጪ ቤተሰብ የራሱ ቡድን አለው፣ አል አኖን ይባላል፤ ኦንላይንም ይገኛል። የሚጠጣው ሰው እሺ እስኪል ሳይጠብቁ እርስዎ ይሂዱ። «ምግብ ውስጥ ተደርጎ መጠጥ የሚያስጠላ» ተብሎ የሚሸጥ መድኃኒት በፍጹም ሳያውቅ አይስጡት። ለዚህ የሚውለው ዳይሰልፊራም ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ደም ግፊትን አውርዶ ሊገድል ይችላል፤ በሐኪም ክትትልና በራሱ ፈቃድ ብቻ የሚወሰድ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

በጾም ማቆምን ጨርሶ ማቆም አድርጎ መቁጠር። 55 ቀን የቆየ ሰው ፋሲካ ማታ የሚመለሰው እስከዚያ ቀን ብቻ ስለተዘጋጀ ነው። የበዓሉ ዋዜማና ማግስት የትኛው ስብሰባ እንደሚሄዱ ከሳምንት በፊት ይጻፉ። ሠርግ፣ ማኅበርና ለቅሶ ቤትም እንዲሁ፤ «በሞቴ» ሲባሉ የሚሉትን አስቀድመው ይያዙ። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት ክርክር ይዘጋል። ሲደርሱ የራስዎን ለስላሳ ይያዙ፣ ባዶ እጅ ላይ ብርጭቆ ይቀመጣልና።

ቡድን ጀምሮ ሕክምናን ማቋረጥ። ሁለቱ አይጋጩም፤ የታዘዘልዎትን የሚያቆመው ያዘዘው ሐኪም ብቻ ነው።

ከመጠጥ ጓደኛ ጋር አብሮ ለመሄድ መጠበቅ። እሱ የሚቀርበት ቀን የእርስዎም መቅሪያ ይሆናል።

ተመልሰው ሲጠጡ ከቡድኑ መጥፋት። የሚቀጥለውን ስብሰባ ሰዓት አይተው ይሂዱ፤ መጠጥ ካቆሙት ሰዎች ውስጥ ይህ ያልደረሰበት ጥቂት ነው። የጠጡት ለብዙ ቀናት ከሆነ ግን እንደገና ከደረጃ 1 ይጀምሩ፤ መንቀጥቀጡና መንፈራገጡ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ከመጀመሪያው ሊከፋ ስለሚችል ሐኪም ሳያይዎት አያቁሙ።